ለወረዳችን ትምህርት ቤቶች ስንት ሜጋ ይበቃል?

የጠያቂው መልእክት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በአንድ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የአይሲቲ ባለሙያ ነኝ። 2 ሁለተኛ ደረጃና 9 የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉን። ትልቁ ሁለተኛ ደረጃ በሁለት ፈረቃ 1,800 ተማሪ ያስተምራል። 70 መምህራንና 40 ኮምፒውተር ያለው አንድ የአይሲቲ ክፍል አለው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ወደ ኦንላይን እየሄደ ስለሆነ በሚቀጥለው በጀት ዓመት ኢንተርኔት እንድናስገባ ተወስኗል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ስንት ሜጋ ብንጠይቅ ይበቃል? ዕቃስ ምን ምን እንግዛ?»

መልሱን ላስቀድም። የግቢው ውስጥ ሥራ በደንብ ከተሠራ ለትልቁ ሁለተኛ ደረጃ 25 ሜጋ መነሻ ይሆነዋል። ካልተሠራ 100 ሜጋም ቢያስገቡ መምህራኑ «ኔትወርክ የለም» ማለታቸውን አይተዉም። መስመር በኋላ በአንድ ደብዳቤ ይጨመራል። የተቀበረ ኬብል፣ የመብራት ዝርጋታና የሰርቨር ክፍል ግን በየዓመቱ አይነካካም። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ በብዛት ወደ ግቢው ውስጥ ይግባ ነው የምለው።

ምናልባት አንድ ሰው «ለ1,000 ተማሪ 1 ጊጋ» የሚል ቀመር ይዞ ይመጣብዎታል። ቀመሩ የፈጠራ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2014 ለአገሩ ትምህርት ቤቶች ያስቀመጠው ግብ ነው። በአጭር ጊዜ ለ1,000 ተማሪና ሠራተኛ 100 ሜጋ፣ በረጅም ጊዜ ደግሞ 1 ጊጋ (1,000 ሜጋ) ይላል። እዚያ ብዙ ተማሪ የየራሱን ላፕቶፕ ይዞ ይማራል። ኢ-ሬት የሚባለው ፕሮግራም ደግሞ እንደ አካባቢው ድህነት መጠን ከ20 እስከ 90 በመቶ የሚደርስ ቅናሽ ለትምህርት ቤቶቹ ይሰጣል። የእርስዎ 1,800 ተማሪ ግን 40 ኮምፒውተር ነው የሚጋራው፣ ያውም በፈረቃ። ስለዚህ የተማሪው ብዛት ለሒሳቡ ብዙም አይረዳዎትም። የሚረዳዎት ሌላ ቁጥር ነው፦ በቀኑ በጣም በሚጨናነቀው ሰዓት፣ በአንድ ቅጽበት ስንት ዕቃ ክፍት ነው? ምንስ እየሠራ ነው?

በእርስዎ ቁጥሮች እናስላው። በአይሲቲ ክፍሉ 40ው ኮምፒውተር ክፍት ነው እንበል። ተማሪዎቹ ድረ ገጽ ይከፍታሉ፣ ያነባሉ፣ እንደገና ይከፍታሉ። ሁሉም በአንድ ሰከንድ ስለማይጫኑት በአማካይ ለአንድ ኮምፒውተር ግማሽ ሜጋ መያዝ ጥሩ መነሻ ነው። ይህ 20 ሜጋ ይሆናል። አንድ መምህር በፕሮጀክተር ጥራት ያለው ቪዲዮ ከዩቲዩብ ያሳያል፤ 5 ሜጋ። በእረፍት ሰዓት መምህራን ማረፊያ ውስጥ 20 ስልክ ይገናኛል፤ 10 ሜጋ። የቢሮዎቹ 6 ኮምፒውተሮች አንድ አንድ ሜጋ ቢወስዱ 6። ድምሩ 41 ነው። ለመጠባበቂያ ሩብ ያህል ሲጨመርበት 50 ሜጋ ገደማ ይደርሳል።

አሁን ይህንኑ ሥራ ሳንቀንስ ቁጥሩን እንቀንሰው። ግቢው ውስጥ አንድ አነስተኛ ሰርቨር (ይዘት ይዞ ለሌሎቹ የሚያድል ኮምፒውተር) እናስቀምጥና የመማሪያ ይዘቱን እዚያ እንጫን። የአይሲቲ ክፍሉ ፍላጎት ወደ 10 ሜጋ ይወርዳል። ቪዲዮው ቀድሞ ስለወረደ ከመስመሩ ምንም አይወስድም። የመምህራን ስልክ በጋራ ከ5 ሜጋ እንዳያልፍ ራውተሩ (መስመሩን ተቀብሎ ለግቢው የሚያከፋፍለው ዕቃ) ላይ ይገደብ። ቢሮው በ6 ይቀጥል። 21 ሆነ። ከመጠባበቂያው ጋር 25 ገደማ። የእኔ 25 የመጣው ከዚህ ነው። በየወሩ የሚከፈልበት መስመር በግማሽ የወረደው አንድ ጊዜ በሚገዛ ሰርቨር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ። በውል ላይ ያለው «ሜጋ» ሜጋ ቢት ነው። ኮምፒውተር ላይ የፋይል መጠን የሚታየው በሜጋ ባይት ነው። አንዱ ባይት 8 ቢት ስለሆነ 25 ሜጋ መስመር በሰከንድ የሚያወርደው 3 ሜጋ ባይት ገደማ ነው። ይህን ቀድመው ለአለቆችዎ ያስረዱ። አለበለዚያ «የከፈልነውን አላገኘንም» የሚል ስብሰባ ይጠብቅዎታል።

ስለ ሰርቨሩ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ ትልቁ ጥቅም ያለው እዚህ ነው። ከተማ ውስጥ ውሃ በሌሊት ሲመጣ ሮቶ ሞልቶ ቀን የሚጠቀም ቤት አለ አይደል? ሰርቨሩም የሚሠራው እንደዚያ ነው። ሌሊት ማንም በማይጠቀምበት ሰዓት ያወርዳል፣ ቀን ለሁሉም ያድላል። ኮሊብሪ የሚባል ነፃ ሶፍትዌር አለ። ያለ ኢንተርኔት ለሚማሩ ትምህርት ቤቶች ተብሎ የተሠራ ነው። ቪዲዮና መልመጃ ይይዛል፣ መምህሩም የተማሪውን ውጤት ይከታተልበታል። ኪዊክስ የሚባለው ደግሞ ውክፔዲያን እንዳለ አውርዶ ያስቀምጣል። የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ከነሥዕሉ ከ100 ጊጋ ባይት በላይ ነው፤ 1 ቴራ ባይት ዲስክ ላይ በቀላሉ ይገባል። መምህራን የሚያዘጋጁትን ማስታወሻና ፈተና ለማስቀመጥ ሙድል የሚባል ሶፍትዌር አለ። ለዚህ ሁሉ ውድ ሰርቨር አያስፈልግም። 16 ጊጋ ሜሞሪና ኤስኤስዲ ዲስክ ያለው ደህና ዴስክቶፕ ይበቃል። የትምህርት ሚኒስቴርን የመማሪያ መጻሕፍት ፒዲኤፍም እዚያው ይጫኑት። ተማሪው የሚፈልገው መጀመሪያ እሱን ነው።

የዊንዶውስ ማሻሻያም እዚሁ ይነሳ። 40 ኮምፒውተር እያንዳንዱ 1 ጊጋ ባይት ማሻሻያ ቢያወርድ 40 ጊጋ ባይት ነው። በ10 ሜጋ መስመር ይህ ወደ 9 ሰዓት ይፈጃል። የትምህርት ቀኑ በሙሉ ማለት ነው! «ኢንተርኔቱ ሰኞ ሰኞ ይሞታል» የሚባልበት ቦታ ስሄድ መጀመሪያ የምፈትሸው ይህንን ነው። ዊንዶውስ ውስጥ አንዱ ኮምፒውተር ያወረደውን ለሌሎቹ እንዲያካፍል የሚያደርግ ማስተካከያ አለ። እሱን ያብሩት። ማውረጃ ሰዓቱንም ከትምህርት ሰዓት ውጭ ያድርጉት።

ወደ ፈተናው ልምጣ፤ ጥያቄዎን ያስነሳው እሱ ስለሆነ። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በከፊል በኦንላይን እየተሰጠ ነው። ጽሑፍና ጥቂት ሥዕል ያለበት ፈተና ከቪዲዮ ጋር ሲነጻጸር የሚበላው ዳታ ትንሽ ነው። ችግሩ ያለው መጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ ነው። 40 ተማሪ በአንድ ላይ «ጀምር» ሲል፣ እያንዳንዱ ገጽ 1 ሜጋ ባይት ቢሆን፣ በአንድ ጊዜ 320 ሜጋ ቢት ይጠየቃል። በ25 ሜጋ መስመር ይህ 13 ሰከንድ ገደማ ነው። ተማሪው ይታገሠዋል። በ4 ሜጋ ግን 80 ሰከንድ ይደርሳል፤ ልጁ ይደነግጣል፣ ደጋግሞ ይጫናል፣ መጨናነቁም ይብሳል። ከዚያ በኋላ ፈተናው የሚፈልገው ፍጥነትን ሳይሆን አለመቋረጥን ነው። መብራት መሄድ የለበትም። መስመር ቢቆረጥ ሁለተኛ መንገድ መኖር አለበት። ዋናው መስመር ፋይበር (ዳታን በብርሃን የሚያስተላልፍ የብርጭቆ ኬብል) ከሆነ የ4ጂ ራውተር በተጠባባቂነት ይቀመጥ። የሚቻል ከሆነ ከሌላ ኩባንያ ይሁን። ሳፋሪኮም ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ጎን እየሠራ ስለሆነ አካባቢዎ ሽፋኑ ካለው ሁለቱን መያዝ ይቻላል። አንድ ፋይበር በመንገድ ሥራ ሲቆረጥ ሁለቱም አብረው እንዳይጠፉ ነው። በፈተና ቀን የመምህራን ዋይፋይ ይዘጋ። ይህ ቀድሞ በደብዳቤ ይነገራቸው፤ በዕለቱ ክርክር እንዳይነሳ።

ወደ ግቢው ውስጥ እንግባ። 40ውን ኮምፒውተር በኬብል ያገናኙ እንጂ በዋይፋይ አይሞክሩት። ባለ 48 ቀዳዳ ጊጋቢት ስዊች (ኬብሎቹን በአንድ ቦታ የሚያገናኝ ሳጥን) እና ካት 6 የሚባለው የመዳብ ኬብል ይበቃል። የመዳብ ኬብል ከ100 ሜትር በላይ መሄድ የለበትም። ከአንዱ ብሎክ ወደ ሌላው ብሎክ ግን ርቀቱ 60 ሜትር ብቻ ቢሆን እንኳ ፋይበር ይጠቀሙ። ምክንያቱ መብረቅ ነው። በደጋው አገር በክረምት አንድ መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ በሁለት ሕንፃ መካከል የተዘረጋ መዳብ ጉልበቱን ይዞ ይገባል። በሁለቱም ጫፍ ያለውን ስዊች ያቃጥላል፤ ኮምፒውተሮቹን ጨምሮ የሚጎዳበት ጊዜም አለ። ፋይበር ብርጭቆ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሲንግል ሞድ ፋይበር በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርገው ይቅበሩት፣ ባዶ ቱቦም አብረው ይቅበሩ። ቱቦ የሌለውን ኬብል አይጥ ይበላዋል። ቁፋሮው ከዝናቡ በፊት ይለቅ።

ዋይፋይ ለሁሉም ክፍል አይዘርጉ። ለጊዜው መምህራን ማረፊያ፣ ቤተ መጻሕፍትና ቢሮ ይበቃሉ። የቤት ራውተር ጥግ ላይ ሰቅሎ 60 ስልክ እንዲሸከም መጠበቅ አይሆንም። ለሥራ ቦታ የተሠራ አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ ዕቃ) ይግዙ። አንዱ በአንድ ጊዜ ከ25 እስከ 30 የሚሠራ ስልክ ይያዝ ብለው ያቅዱ። በ2.4 ጊጋኸርዝ እርስ በርስ የማይጋጩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ስለዚህ ዕቃ መደርደር ፍጥነት አይጨምርም፤ እንዲያውም ይረብሻል። 5 ጊጋኸርዝ ያለው ይመረጥ። ኤሌክትሪኩን በኔትወርክ ኬብሉ የሚያገኝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሶኬት መዘርጋት ይቀርልዎታል፤ መጠባበቂያ ባትሪውም አንድ ቦታ ላይ ይሆናል።

ራውተሩ ላይ ኔትወርኩን ለሦስት ይክፈሉት፦ ቢሮ፣ ተማሪ፣ መምህራን። የተማሪ ውጤት ያለበት የቢሮ ኮምፒውተር ከአይሲቲ ክፍሉ ሊታይ አይገባም። ለተማሪዎቹ ክፍል የማጣሪያ ዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስምን ወደ አድራሻ ቁጥር የሚተረጉም አገልግሎት) ያስገቡ። 1.1.1.3 የሚባለው የክላውድፍሌር አገልግሎት ነፃ ነው፤ የአዋቂ ይዘትንና ጎጂ ድረ ገጾችን ያግዳል። ሁሉንም ባያቆምም አብዛኛውን ያቆማል። የቀረው የመምህሩ ዓይን ነው። ቴሌግራም ቪዲዮ በራሱ እንዳያወርድ መምህራኑ ስልካቸው ላይ እንዲያጠፉት ይጠይቁ። ይህ ብቻውን የማረፊያ ክፍሉን ጫና በጣም ይቀንሰዋል።

መብራት። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባውን የፕላዝማ ትምህርት የሚያስታውስ ሰው ይህን አይዘነጋም። ትምህርቱ በሳተላይት በሰዓቱ ይተላለፍ ነበር፤ መብራት በጠፋበት ሰዓት ያለፈ ትምህርት አለፈ። ያ ነገር በኢንተርኔት እንዳይደገም የኔትወርክ ዕቃው የራሱ ባትሪ ይኑረው። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ራውተር 10 ዋት፣ ስዊች 20፣ አራት አክሰስ ፖይንት 40፣ ሰርቨር 30 ቢወስዱ 100 ዋት ነው። ለ4 ሰዓት 400 ዋት ሰዓት ይፈልጋሉ። የ12 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመከር 600ውን ይጠቀማሉ። አንድ ደህና ባትሪና ኢንቨርተር በቂ ነው ማለት ነው። ከፊቱ ስታቢላይዘር ይግባበት። ግራውንዱን ደግሞ የኤሌክትሪክ ባለሙያ በመሣሪያ ይለካው፤ ከሁሉም ርካሹና በጣም የሚረሳው እሱ ነው።

40ው ዴስክቶፕ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከነስክሪኑ አንዱ 100 ዋት ቢወስድ 4 ኪሎ ዋት ነው። ለዚያ ጄነሬተር ያስፈልጋል፤ ከ6 ኬቪኤ ባያንስ ይመረጣል። ወደፊት ኮምፒውተር ሲገዙ ላፕቶፕ ይግዙ። መብራት ሲሄድ ተማሪው የፈተናውን ገጽ አያጣም፣ የኔትወርክ ሳጥኑም በባትሪው ይቆያል። ጄነሬተር እስኪነሳ ያለችውን ክፍተት ሁለቱ አብረው ይሞሏታል። ዋጋው ትንሽ ቢወደድም እኔ ወደዚህ አደላለሁ።

ሁለተኛው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በተመሳሳይ ሒሳብ ይሠራል፤ ቁጥሩን ብቻ ይቀይሩ። ዘጠኙ የመጀመሪያ ደረጃዎች ግን ሌላ አካሄድ ይፈልጋሉ። ለዘጠኙም ፋይበር ልዘርጋ ካሉ በጀቱ እዚያው ያልቃል። ሦስት አራት ኮምፒውተር ላለው ትምህርት ቤት 4ጂ ራውተር ይበቃል። ጥቅሉን ግን ይጠንቀቁ። 10 ሜጋ ሙሉውን በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 27 ጊጋ ባይት ይበላል። የተወሰነ ጊጋ ያለው ወርኃዊ ጥቅል በጥቂት ቀን ሊያልቅ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ለሪፖርትና ለመምህሩ ዝግጅት ብቻ ይሁን። ለተማሪዎቹ እዚያው ኮሊብሪ የተጫነበት አንድ ኮምፒውተር ይቀመጥ። ይዘቱ የሚታደሰው በጉድኝት ማዕከሉ (በአቅራቢያው ያሉ ትምህርት ቤቶችን በሚያስተባብረው ትምህርት ቤት) በኩል ነው። ማዕከሉ ደህና መስመር ይኑረው፣ አዲሱን ይዘት ያውርድ። ሱፐርቫይዘሩ ለክትትል ሲወጣ ሃርድ ዲስክ ይዞ ይሂድ። 500 ጊጋ ባይት በ10 ሜጋ ለማውረድ ከ4 ቀን በላይ ነው፤ በሱፐርቫይዘሩ ቦርሳ ግን የአንድ ጠዋት መንገድ ነው። ይህን እንደ ድህነት አይዩት። በምህንድስና ሲታይም ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነው።

ሁለት ትምህርት ቤቶች በዓይን የሚተያዩ ከሆነ በ5 ጊጋኸርዝ የገመድ አልባ አንቴና ማገናኘት ይቻላል። መካከሉ ላይ ኮረብታም ባሕር ዛፍም መኖር የለበትም። ባሕር ዛፍ ያድጋል፤ ዛሬ ክፍት ሆኖ ያዩት መስመር ከሦስት ዓመት በኋላ ሊሸፈን ይችላል። ከመግዛትዎ በፊት ስለ ፈቃዱ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

ስለ በጀቱ። ዕቃው ከካፒታል፣ ወርኃዊ ክፍያው ከመደበኛ በጀት እንደሚወጣ ያውቃሉ። የሚወድቀው ሁልጊዜ ሁለተኛው ነው። ዕቃው በድጋፍ ይመጣል፣ ይመረቃል፣ ከዓመት በኋላ የሚከፍል ይጠፋል። ስለዚህ ከሐምሌ 1 በፊት በሚያቀርቡት ዕቅድ ላይ የሦስት ዓመት ወርኃዊ ክፍያ፣ የባትሪ መተኪያና የጥገና ገንዘብ አብሮ ይጻፍ። ከአቅራቢው ጋር ሲዋዋሉ የማውረጃውን ፍጥነት ብቻ አይጠይቁ። የመጫኛው ፍጥነት ስንት ነው? መስመሩ ለእናንተ ብቻ ነው ወይስ የጋራ? ሲበላሽ በስንት ሰዓት ይጠገናል? መልሱ በጽሑፍ ይሁን። በጨረታው ስፔሲፊኬሽን ላይ ደግሞ ብራንድ ሳይሆን የሚሠራው ሥራ ይጻፍ፤ «ሁሉም የኬብል ጫፍ ተለክቶ፣ ቁጥር ተለጥፎበትና ንድፉ ተሰጥቶ ርክክብ ይፈጸማል» የሚለው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር።

የይለፍ ቃሎቹ በአንድ የአይሲቲ መምህር ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይሁኑ። ዝውውር ሲደርሰው ኔትወርኩም አብሮት ይሄዳል። ተጽፈው በታሸገ ፖስታ ርዕሰ መምህሩ ካዝና ይግቡ፤ አንድ ቅጂ ወረዳው ይያዝ። በየትምህርት ቤቱ ሁለት ሰው ይሠልጥን፤ አንዷ ሴት መምህርት ብትሆን ደስ ይለኛል። የሴት ተማሪዎች የአይሲቲ ክፍል አጠቃቀም በዚህ ሲሻሻል አይቻለሁ።

አሁን ለመጀመር ገንዘብ አይጠብቁ። በትልቁ ትምህርት ቤት ዛሬ ያለው መስመር ደካማም ቢሆን ራውተሩ ላይ የትራፊክ ግራፉን ያብሩና ለሁለት ሳምንት ይመዝግቡ። የሁለቱንም ፈረቃ፣ የእረፍቱንም ሰዓት። የብሎኮቹን ርቀት በሜትር ለክተው በወረቀት ይሳሉ። የመብራት መጥፊያ ሰዓቶቹን ይጻፉ። ሦስቱን ይላኩልኝ፤ 25ቱን ሜጋ ከእውነተኛው ቁጥር ጋር አስተያይቼ የጨረታውን ስፔሲፊኬሽን አብረን እናዘጋጃለን።